ያለ እሳት እሳት ማሳየት፦ የነበልባል ሰንሰር መፈተሻ ሠርቶ ለመጠቀም ዝርዝር መመሪያ

አዳማ ውስጥ ካለ አንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ «ቦይለሩ አልነሳ አለ» ተብዬ ተጠራሁ። በርነሩ ይለኩሳል፣ ነበልባሉ በማያ ቀዳዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጥቂት ሰኮንዶች ቆይቶ ግን ቀዩ መብራት ይበራና ሁሉም ነገር ይቆለፋል። ኦፕሬተሩ ቦይለሩን ከተተከለበት ቀን ጀምሮ የሚያውቁት ሰው ናቸው። «ልጄ፣ እሳቱስ አለ። ማሽኑ ነው ዓይን ያጣው» አሉኝ። ሰንሰሩን ፈታሁና ቦርሳዬ ውስጥ የማትጠፋውን የሐሰት ብር መለያ ሰማያዊ መብራት አበራሁበት። ምንም ምልክት የለም። «ሞቷል፣ ይቀየር» ብዬ ጻፍኩ። አዲስ ሰንሰር ማለት የውጭ ምንዛሬ ማለት ነው፤ የውጭ ምንዛሬ ማለት ደግሞ ወራት።

ግዢው ከመታዘዙ በፊት አንዴ ልየው ብዬ ስመለስ፣ ዓይኔ ከሰንሰሩ ፊት የምትገባው ትንሽ ክብ መስኮት ላይ አረፈ። ጠርዟ በእጅ የተቆረጠ ነው። «ጋሼ፣ ይህቺን ማን ቀየራት?» ስላቸው «ተሰንጥቃ ነበር። ልጆቹ መስታወት ቤት አስቆርጠው አመጡልኝ፤ አያምርም?» አሉኝ። ያምራል። ግን የድሮዋ ኳርትዝ ነበረች፤ ተራ መስታወት ደግሞ ሰንሰሩ የሚጠብቀውን አልትራቫዮሌት፣ ማለትም ከሐምራዊ ወዲያ ያለውን በዓይን የማይታይ ብርሃን፣ አያሳልፍም። ሰንሰሩ ጤነኛ ነበር። የእኔም መብራት ብትሆን ሰንሰሩ ጨርሶ የማያየውን ብርሃን ነበር የምትሰጠው፤ መስኮቷ ኳርትዝ ብትሆን ኖሮም ያው «ሞቷል» ነበር የምለው።

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ በኋላ ለራሴ የሠራሁት መፈተሻ ነው። ሦስት ቁራጭ አለው፦ አንዱ ለአጭር ኢንፍራሬድ (ኢንፍራሬድ ከቀይ ወዲያ ያለ በዓይን የማይታይ ብርሃን ነው)፣ አንዱ ለመካከለኛ ኢንፍራሬድ፣ አንዱ ለአልትራቫዮሌት። ከአሠራሩ ይልቅ አጠቃቀሙ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ምክንያቱም ብዙዎቻችን ሰንሰርን የምንፈትነው «ይሠራል ወይስ አይሠራም» ብለን ነው፤ ሰንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አይሞትም፣ ቀስ እያለ ነው የሚደክመው። ድካሙን ቀድሞ ማየት የሚቻለው ደግሞ በቁጥር ብቻ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ከአውሮፕላን። ወታደራዊ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ላይ የሚመጣን ሚሳኤል በሞተሩ ነበልባል ለይተው ፓይለቱን የሚያስጠነቅቁ ሰንሰሮች አሉ። የአሜሪካኑ ኤኤን/ኤኤአር-47 ለምሳሌ በአልትራቫዮሌት የሚያይ ነው፤ ሰንሰሮቹ ዙሪያውን እንዲሸፍኑ በአውሮፕላኑ አካል ላይ በየአቅጣጫው ይተከላሉ። ሌሎች ደግሞ በኢንፍራሬድ ያያሉ። እነዚህን ለመፈተሽ ማንም ሚሳኤል አይተኩስም። ቴክኒሻኑ መሬት ላይ ቆሞ በእጅ የሚያዝ መብራት ወደ አንዱ ሰንሰር ያነጣጥራል። መብራቱ በርቶ ዝም አይልም፤ የእውነተኛው ነበልባል ብርሃን በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚነሳ፣ እንደሚያድግና እንደሚረጋ እየተከተለ ይበራል። ኮክፒት ውስጥ ያለው ባልደረባው ማስጠንቀቂያው መምጣቱን ብቻ ሳይሆን ከትክክለኛው አቅጣጫ መምጣቱን ያያል። በአንድ መብራት ሰንሰሩ፣ ሽቦው፣ ኮምፒውተሩና ስክሪኑ አብረው ተፈተኑ ማለት ነው።

የእኛ ቦይለርና ነዳጅ ማከማቻ ላይ ያለው የነበልባል ሰንሰር የዚሁ ቤተሰብ ነው። እዚያም እዚህም ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ብርሃን ነበልባል ነው ወይስ ፀሐይ፣ ብየዳ፣ የጋለ ብረት? (ቤት የተሠራ መሣሪያ ይዛችሁ ግን አውሮፕላን አጠገብ እንዳትደርሱ። እዚያ የሚፈቀደው የአምራቹ መሣሪያ ብቻ ነው።)

መብራቱ ነበልባልን መምሰል ያለበት በሦስት ነገር ነው

መጀመሪያ በቀለም፣ ማለትም በሞገድ ርዝመት። ናፍጣም፣ ጋዝም፣ እንጨትም ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የጋለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 4.3 ማይክሮሜትር አካባቢ አጥብቆ ያበራል። መካከለኛ ኢንፍራሬድ ሰንሰሮች የሚጠብቁት እሱን ነው። የአልትራቫዮሌት ቱቦዎች (የአልትራቫዮሌት ሰንሰር ዓይን የሆኑ፣ ብርሃኑን ሲያገኙ የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጡ ጋዝ ያለባቸው ቱቦዎች) ደግሞ ከ185 እስከ 260 ናኖሜትር ያለውን ያያሉ፤ ለምሳሌ የሃማማትሱ አር2868 ክልሉ ይኸው ነው። ይህ ክልል የተመረጠው በምክንያት ነው፤ ከ280 ናኖሜትር በታች ያለውን የፀሐይ ብርሃን ኦዞን ይውጠዋል። ስለዚህ የአዳማ የቀትር ፀሐይ አናት ቢበሳም ለእነዚህ ቱቦዎች ጨለማ ነው። ርካሾቹ ሰንሰሮች ግን፣ ተማሪዎች ከአርዱይኖ (ፕሮግራም ከሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ጋር የሚገዟቸውን ጨምሮ፣ ከ760 እስከ 1,100 ናኖሜትር ነው የሚያዩት፤ እዚያ ፀሐይም አምፖልም ሞልቷል።

ሁለተኛ በምት። ነበልባል ይርገበገባል፤ አብዛኛው መርገብገብ በሰኮንድ ከ1 እስከ 20 ጊዜ ባለው ውስጥ ነው። ብዙ የኢንፍራሬድ ሰንሰሮች ረግቶ የሚበራን ነገር ምንም ያህል ቢደምቅ እሳት ነው አይሉም። ሦስተኛ በድምቀት፤ እሱን በርቀት እናስተካክለዋለን።

የቱን ሰንሰር እንደያዛችሁ ሳታውቁ አትጀምሩ። ሰንሰሩ ላይ ያለው የስም ሳህን ላይ «ዩቪ» (አልትራቫዮሌት)፣ «አይአር» (ኢንፍራሬድ)፣ «ዩቪ/አይአር» (ሁለቱም) ወይም «አይአር3» (ባለ ሦስት ባንድ ኢንፍራሬድ) የሚል አለ። ሳህኑ ከጠፋ መስኮቱን አውጥቼ ልለየው አትበሉ፤ የሞዴል ቁጥሩን ፈልጉ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የማይታለፍ ጥንቃቄ

የሐሰት ነበልባል ለቦይለር የሚያሳይ ሰው የቦይለሩን ዋና ጠባቂ እያታለለ ነው። በርነሩ እሳት አለ ብሎ ካመነ ዋናውን የነዳጅ ቫልቭ ይከፍታል፤ እሳት በሌለበት ምድጃ ውስጥ ነዳጅ ይሞላል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን አልነግራችሁም። ስለዚህ የእጅ ቫልቩን ዝጉ፣ በቁልፍ ቆልፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። እኔ እንዲያውም ሰንሰሩን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ መፈተን እመርጣለሁ።

ሰንሰሩ ከእሳት ማጥፊያ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ማለትም አረፋ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለቅ ከሆነ፣ መልቀቂያው መታገዱን ፓነሉ ላይ በዓይናችሁ እዩ፤ «አግደነዋል» በሚል ቃል ብቻ አትመኑ። ሰውም ከክፍሉ ይውጣ።

ነዳጅ ተን ሊኖርበት በሚችል ቦታ ከዚህ መመሪያ አንድም ነገር ይዛችሁ አትግቡ። ለእዚያ ፍንዳታ እንዳያስነሳ ተሠርቶ የተመሰከረለት መፈተሻ አለ። የእኛ ለጠረጴዛ ነው።

የአልትራቫዮሌቱን የዓይን አደጋ እዚያው ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 1፦ አጭር ኢንፍራሬድ መብራት

ቀላሉ ይህ ነው። የሚያስፈልገው አርዱይኖ ኡኖ፣ ሦስት የ940 ናኖሜትር ኤልኢዲ (ሪሞት ኮንትሮል ጫፍ ላይ ያለችው ዓይነት)፣ አንድ ባለ2222 ትራንዚስተር፣ ሦስት የ220 ኦም እና አንድ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። ኤልኢዲው ላይ 1.3 ቮልት ያህል ይወድቃል፤ ከ5 ቮልት የሚተርፈው 3.7 ለ220 ሲካፈል 17 ሚሊአምፔር ገደማ ይሰጣል። ሦስቱ አብረው 50 ይሆናሉ። የአርዱይኖ አንድ እግር ይህን አይሸከምም፤ ትራንዚስተሩ የገባው ለዚህ ነው። ለየኤልኢዲው የራሱን ሬዚስተር ስጡ፤ ሦስቱን በአንድ ሬዚስተር ካሰራችኋቸው አንዱ ከሌላው ይሰርቃል።

ሽቦው ሲያልቅ በስልካችሁ ካሜራ እዩት፤ በተለይ የፊት ካሜራው ነጣ ያለ ሐምራዊ ብርሃን ያሳያችኋል። በዓይን ምንም አይታይም። ሳታዩ ወደ ፕሮግራሙ ከገባችሁ ግማሽ ቀን ኮድ ስታርሙ ልትውሉ ትችላላችሁ፤ ጥፋቱ ግን ተገልብጦ የገባ ኤልኢዲ ነው።

አሁን ምቱ። ዝም ብሎ አብራ፣ አጥፋ ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን በየሰኮንዱ 10 ጊዜ እንደ ሰዓት እኩል የሚመታን ብርሃን አንዳንድ ሰንሰር «ይህ ማሽን ነው» ብሎ ይንቀዋል። ነበልባል ምቱ የተዘበራረቀ ነው። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ በየ20 ሚሊሰኮንዱ ከ0 እስከ 255 አንድ የዘፈቀደ ቁጥር አወጣለሁ፤ የቀድሞውን ድምቀት በ0.7፣ አዲሱን ቁጥር በ0.3 አባዝቼ እደምራቸዋለሁ፤ ድምሩ አዲሱ ድምቀት ይሆናል። አሮጌው አዲሱን ስለሚጎትተው ብርሃኑ አይዘልም፣ ይወዛወዛል። 0.7ን ከፍ ካደረጋችሁ የከሰል እሳት ይመስላል፣ ዝቅ ካደረጋችሁ ነፋስ ያገኘው ክብሪት። ቀይ ኤልኢዲ ለጊዜው ሰክታችሁ ብታዩት ልዩነቱ በዓይን ይታወቃል፤ ልጆቼ ሻማ ነው ብለው ሊነፉት ደርሰው ነበር።

ደረጃ 2፦ መካከለኛ ኢንፍራሬድ

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው አምፖል በመጠቀም ነው። ባለ 12 ቮልት ሃሎጅን አምፖል በጣም ይግላል፣ ስለዚህ 4.3 ማይክሮሜትርም ይሰጣል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ሽቦው ይሰጣል፤ ዙሪያውን ያለው መስታወት ወይም ኳርትዝ ግን ይዘጋዋል። ኳርትዝ ለአልትራቫዮሌት የተከፈተ በር ነው፣ ከ3.5 ማይክሮሜትር በላይ ግን እሱም ይዘጋል። ለዚህ ነው የመካከለኛ ኢንፍራሬድ ሰንሰሮች መስኮት ብዙ ጊዜ ሳፋየር የሚሆነው።

ስለዚህ መስታወት የሌለው የጋለ ነገር ያስፈልገናል። አዳማ የጅቡቲ መስመር ከተማ ስለሆነች መፍትሔው ጋራዥ ውስጥ ወድቆ ይገኛል፦ የናፍጣ ሞተር ማሞቂያ ካንዴላ፣ ግሎ ፕለግ የሚሉት። ባለ 12 ቮልቱን ለዩና አካሉን ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ከኋላ ያለውን የሽቦ መግጠሚያ ከፖዘቲቭ አገናኙ፤ የፊተኛው ቀጭን ጫፍ በጥቂት ሰኮንድ ቀልቶ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ሲነሳ ከ10 አምፔር በላይ ስለሚስብ የመኪና ባትሪ፣ ወፍራም ሽቦ፣ ፊውዝና በእጅ ተጭነው የሚለቁት ቁልፍ ይሁን። በቁልፉ ላይ ከ10 ሰኮንድ በላይ አትቆዩ፤ ሞተር ውስጥ ሳይሆን አየር ላይ ሲግል በቶሎ ይቃጠላል። የምትይዙበትን በብረት ክላምፕ እሰሩ፣ ጠረጴዛው ላይ ሸክላ አንጥፉ።

ጋለ ብረት አይርገበገብም። ከፊቱ ቆራጭ ዲስክ ማዞር ያስፈልጋል። ከቆርቆሮ 12 ሴንቲ ሜትር ክብ ቁረጡ፣ ሦስት መስኮት አውጡበት፤ በቢጫዋ የአሻንጉሊት መኪና ጊር ሞተር ላይ ግጠሙት። ሞተሯ በ6 ቮልት በደቂቃ 200 ያህል ትዞራለች፤ በሰኮንድ 3.3 ዙር ማለት ነው፤ በሦስት መስኮት 10 ምት ይሆናል። የኮምፒውተር ፋን አትጠቀሙ፣ ፍጥነቱ ከሚፈለገው በብዙ ያልፋል። መስኮቶቹን ሆን ብላችሁ እኩል አታድርጓቸው፦ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ መካከለኛ። ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ መሣሪያ ነጠላ ባንድ ያለውን የአይአር ሰንሰር ይቀሰቅሰዋል። ጥሩ አይአር3 ሰንሰር ግን አይቀሰቀስም፤ ባይቀሰቀስ ደግሞ አትዘኑ። አይአር3 ከ4.3 ማይክሮሜትሩ ሌላ በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት ባንዶችን ይለካል፤ ነበልባል መሃል ላይ ጎልቶ ጎንና ጎኑ ዝቅ ይላል፣ የጋለ ብረት ግን ሦስቱንም ተቀራርቦ ያበራል። ሰንሰሩ ይህን አይቶ «ብረት ነው» ብሎ ዝም ካለ ሥራውን እየሠራ ነው። ስለዚህ ለአይአር3 ግሎ ፕለጉ የሚፈትነው ተቃራኒውን ነው፦ በሐሰት አለመደናገጡን። ለማንቂያ ፈተናው ለሰንሰሩ ሞዴል የተሠራውን የአምራቹን መብራት ወይም የእውነት ትንሽ እሳት መጠቀም ግድ ይላችኋል። ይህን ሳላውቅ አንድ ጤነኛ ሰንሰር ፊት ባትሪ ጨርሻለሁ።

ደረጃ 3፦ አልትራቫዮሌት

ለፈጣን ፍተሻ የጋዝ ምድጃ መለኮሻ፣ ያቺ ቀጭ የምትለዋ፣ ትበቃለች። ብልጭታዋ ውስጥ አጭር አልትራቫዮሌት አለ። ከሰንሰሩ ግማሽ ሜትር ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ስታደርጓት ቱቦው ምት መቁጠር አለበት። ብየዳ ሲበየድ የዩቪ ሰንሰር ያለበት ፋብሪካ ሁሉ የሚጮኸው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን የብልጭታው መጠን ከቀጭ ቀጭ ስለሚለያይ ለቁጥር አይሆንም።

ለቁጥር የሚሆነው ባለ 4 ወይም 6 ዋት የጀርም መግደያ መብራት ነው። 253.7 ናኖሜትር ላይ ያበራል፤ ለቱቦዎቹ ጫፍ ላይ ቢሆንም ጉልበቱ ይካካሰዋል። የሐሰት ብር መለያው መብራት 365 ወይም 395 ናኖሜትር ነው፣ አይሆንም። ከኮቪድ ወዲህ የተበተኑት የ275 ናኖሜትር ኤልኢዲዎችም «ዩቪሲ» ተብለው ስለሚሸጡ ያታልላሉ፤ እስከ 260 ብቻ የሚያይ ቱቦ ግን አያያቸውም።

የዚህ መብራት ጉዳት ቀልድ አይደለም። ለ254 ናኖሜትር ዓለም አቀፉ የቀን ገደብ በካሬ ሴንቲ ሜትር 6 ሚሊጁል ነው። ብርሃኑ በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.1 ሚሊዋት ከሆነ ገደቡ በ60 ሰኮንድ ይሞላል። ሲያበራ አይቆጠቁጥም፣ ደማቅም አይደለም፤ ማታ ስትተኙ ግን ዓይናችሁ አሸዋ የተረጨበት ይመስላል። ብየዳ ዓይኑን የመታው ሰው ታውቃላችሁ፤ እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ መብራቱን ያለ ሳጥን ለአንድ ሰኮንድም አታብሩ።

ሳጥኑ የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። መብራቱን ከነመያዣው አስገቡ፣ ክዳኑን በብሎን እሰሩ፣ ጎኑ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ፤ ከፊቱ የሚንሸራተት የቆርቆሮ መዝጊያ ግጠሙ። መዝጊያው ሲለቀቅ በስፕሪንግ ራሱ የሚዘጋ ይሁን። ቀዳዳው ላይ ምንም መስታወት አታድርጉ። ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ጎኑ የተሸፈነ የፖሊካርቦኔት መነጽር አድርጉ፣ ከቀዳዳው አንጻር ማንም አይቁም። መብራቱን አብርታችሁ መዝጊያው ተዘግቶ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ ቀዝቃዛ ሳለ የሚሰጠው ከሞቀ በኋላ ከሚሰጠው ይለያል፣ ሁልጊዜም ያንኑ 5 ደቂቃ ጠብቁ። የሰንሰሩ ቱቦ ራሱ ከ300 ቮልት በላይ ስለሚሠራ የሰንሰሩ ክዳን ተከፍቶ ሳለ ወደ ውስጥ እጅ አይገባም።

አንድ ነገር ሞክሩ፣ ዋጋው የውሃ ብርጭቆ ነው። ቱቦው እየቆጠረ ሳለ በቀዳዳውና በሰንሰሩ መካከል ብርጭቆውን አቁሙ። ቆጠራው ቀጥ ይላል። ብርጭቆውን አንሱ፣ ይመለሳል። የዘይት ፋብሪካው ጋሼ ይህን ሲያዩ ለአፍታ ዝም አሉና «እና ልጆቹ ማሽኑን መነጽር አደረጉለት በለኛ» አሉ።

ደረጃ 4፦ የጨለማ ፈተና

አጭር ነው፣ ግን ከሁሉም ይበልጣል። የዩቪ ቱቦ ሲያረጅ ሁለት ዓይነት ብልሽት አለው። አንደኛው መታወር ነው፤ እሱ ቦይለሩን ያቆማል፣ ይናደዱበታል እንጂ ሰው አይጎዳም። ሁለተኛው ግን እሳት ሳይኖር እሳት ማየት ነው። ጋዙ ሲበላሽ ቱቦው አንዴ ከተቀሰቀሰ በራሱ መተኮሱን ይቀጥላል፤ በርነሩ ጠፍቶ ሳለ «እሳት አለ» ይላል። ሳያቋርጡ የሚነዱ በርነሮች ላይ በየጥቂት ሰኮንዱ ራሱን የሚሸፍን መዝጊያ ያለው ሰንሰር የሚደረገው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በመብራት ከቀሰቀሳችሁት በኋላ ወዲያው መዝጊያውን ዝጉና የሰንሰሩን ፊት በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑ። ጤነኛ ቱቦ በጨለማ ውስጥ በደቂቃ ጥቂት ምት ሊቆጥር ይችላል፣ ያ ከሰማይ የሚመጣ ጨረር ነው። ቆጠራው ሳይወርድ ከቀጠለ ቱቦው እዚያው ይጣል። «እስከ ሚቀጥለው ወር እንግፋው» የሚባል ነገር የለም።

ደረጃ 5፦ ርቀት መለካት

አሁን ሦስት መብራት አላችሁ። ቁጥር የምናወጣው ከርቀት ነው። ሰንሰሩን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ክላምፕ አድርጉት፣ ከፊቱ ሜትር ዘርጉ፣ ወለሉ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ግድግዳው ነጭ ወይም ቆርቆሮ ከሆነ ጥቁር ጨርቅ አንጠልጥሉ፤ በተለይ አሉሚኒየም አልትራቫዮሌትን እንደ መስታወት ይመልሳል። ለአጭር ኢንፍራሬዱ መጋረጃ ዝጉ። የጣራ ማራገቢያውንም አጥፉት፦ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብታ በሚዞረው ክንፍ ውስጥ ስትቆራረጥ ርካሹ ሰንሰር ቁርጥ ነበልባል ትመስለዋለች። አዳማ ነፋሻ ከተማ ናት፣ ከመስኮቱ ውጪ የሚወዛወዝ ቅጠልም ያንኑ ያደርጋል።

ከሩቅ ጀምሩ። መብራቱን በሰንሰሩ ማያ መስመር ላይ አነጣጥራችሁ 10 ሰኮንድ ስጡት። ካልተቀሰቀሰ 10 ሴንቲ ሜትር ቅረቡ። መጀመሪያ የተቀሰቀሰበትን ርቀት ጻፉ። ሦስት ጊዜ ደጋግሙና መካከለኛውን ውሰዱ፤ ሦስቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተራራቁ ማነጣጠራችሁ ችግር አለበት።

ብርሃን በርቀት ካሬ ይቀንሳል። በ4 ሜትር ሲቀሰቀስ የነበረ ሰንሰር ዛሬ 2.8 ሜትር ድረስ ካልቀረባችሁት አልቀሰቀስ ካለ፣ 2.8ን ለ4 አካፍሉ፣ 0.7፤ በራሱ አባዙት፣ 0.49። ሰንሰሩ ግማሽ ዓይኑን አጥቷል። ግማሹ ጠፍቶም ግን «ይሠራል»፤ ላይተር ብታሳዩት ይጮኻል። ትልቁ ጉዳይ እዚህ ነው። ላይተር ከ30 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያይ ሰንሰር ከ15 ሜትር ላይ የነደደ የናፍጣ ኩሬ ላያይ ይችላል። ለዚህ ነው የዓለም አቀፍ ፈተናዎች ነዳጁ የሚነድበትን ትሪ ስፋትና ርቀቱን አብረው የሚወስኑት፦ የአሜሪካው ኤፍኤም 3260 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ትሪ ላይ የሚነድ ሄፕቴን የተባለ ፈሳሽ ነዳጅ ይጠቀማል፤ የአውሮፓው ኢኤን 54 ክፍል 10 ሰንሰሮችን በ25፣ በ17 እና በ12 ሜትር ይመድባቸዋል።

የእናንተ ርቀት ከእነዚህ ጋር አይወዳደርም፣ የእናንተ መብራት ሌላ ነው። ከራሱ ከቀድሞው ጋር ብቻ ነው የሚወዳደረው። ስለዚህ መነሻውን ቁጥር ሰንሰሩ አዲስ ሳለ፣ ወይም መስኮቱ ከጸዳ በኋላ ውሰዱ።

ቁጥሩ ሲወርድ ወዲያው ሰንሰሩን አትውቀሱ። ቅደም ተከተሌ ይህ ነው፦ መስኮቱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅና በአልኮል እጠርጋለሁ፣ እንደገና እለካለሁ። የዘይት ጭጋግና ጥላሸት ለአልትራቫዮሌት ግድግዳ ናቸው፣ ዓይናችሁ ንጹሕ ነው ቢልም እንኳ። ካልተመለሰ የኤሌክትሪክ ምንጩን በመልቲሜትር አያለሁ። ከዚያ መብራቴን ራሱን በሌላ ጤነኛ ሰንሰር እፈትነዋለሁ፤ የግሎ ፕለጉ ባትሪ ደክሞ ሰንሰሩን ያሳማበት ቀን አለ። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ብቻ ቱቦው ደክሟል እላለሁ።

መዝገቡ

ደብተር በቂ ነው። ቀን፣ የሰንሰሩ ተከታታይ ቁጥር፣ የትኛው መብራት፣ ከማጽዳት በፊት ያለው ርቀት፣ ከማጽዳት በኋላ ያለው ርቀት፣ የጨለማ ቆጠራ። ከማጽዳት በፊት ያለውን መዝለል የለመደ ሰው አለ፤ እሱ ግን መስኮቱን በየስንት ጊዜው ማጽዳት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ብቸኛ ቁጥር ነው። እኔ በየሦስት ወሩ እለካለሁ፤ ጥላሸታም በርነር ላይ በየወሩ።

የዚያ ዘይት ፋብሪካ ሰንሰር፣ ኳርትዟ ከተመለሰች በኋላ፣ መነሻው 1.9 ሜትር ነበር። በሦስተኛው ወር ከማጽዳት በፊት 1.5፣ ከጸዳ በኋላ 1.9። በስድስተኛው ወር ከማጽዳት በፊት 1.5፣ ከጸዳ በኋላ 1.8። በዘጠነኛው ወር ከጸዳም በኋላ 1.6 ብቻ ሆነ፤ በርቀት ካሬ ስሌት ከመነሻው 71 በመቶ ማለት ነው። ቦይለሩ አንድም ቀን አልቆመም። ቱቦውን በዚያው ሳምንት አዘዝን፤ ጋሼም አሮጌዋን የመስታወት ክብ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቅለዋታል።